ግማሽ ዱአ

እኔን ብሎ የማሽን አዋቂ! ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ቤቴ አርፌ እንደመቀመጥ ሰው መጋዘን ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ነገሩ የሆነው ዓምና፣ የመኸሩ ማሾ ሲገባ ነው። የማልረሳውም ለዱአ የዘረጋሁትን እጄን የመለስኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ልጄ ዘሀራ ኮምቦልቻ፣ ማሾ መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበረች። ሴቶቹ ተደርድረው ጠጠሩንና የተበላሸውን በእጃቸው ይለቅማሉ። ባለመጋዘኑ ሰይድ አዲስ ማሽን አስገባና በግ አርዶ፣ እንደ እኔ ያለች መራቂ አሮጊት፣ ዱበርቲ ትመርቅልኝ ብሎ ከደሴ አስጠራኝ። ሥጋ ሲባል እግሬ ይፈጥናል፤ ከሰፈሬ ከቧንቧ ውሃ ተነስቼ ወረድኩ።

በላሁ። ደህና አድርጌ በላሁ። ማሽኑንም አሳዩኝ። ማሾውን እያየ ጠጠሩን በንፋስ እፍ ብሎ ያወጣዋል። መነጽር አይፈልግ፣ ወገቤን አይል፣ ሰው አያማ።

ከዚያ እጄን ዘርግቼ ዱአ ጀመርኩ። ሰይድና እንግዶቹ አሚን ይላሉ። ግድግዳው ሥር የቆሙት ለቃሚዎች ግን ዝም። የገዛ ልጄም ዝም።

«ምነው፣ አፋችሁን ምን ያዘው?» አልኳቸው።

«እማ፣ ከነገ ጀምሮ የኛን ሥራ እሱ ነው የሚሠራው። ተሰናብተናል» አለች ዘሀራ።

እጄን አወረድኩ።

ሰይድ ደነገጠ፤ የተጀመረ ዱአ ሲቋረጥ ደግ አይደለማ። የውጭ ገዢዎች ጠጠር ያለበት ማሾ አንፈልግም እንዳሉት፣ ሥራው ሲሰፋ ሴቶቹን እንደሚመልስ አስረዳኝ። ውሸት አልመሰለኝም። ግን እስኪሰፋ ምን ይበላሉ? ማሽኑስ ሰው አያስፈልገውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የሚሞላ፣ የሚቆጣጠር፣ ጆንያ የሚሰፋ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ የተማሩ ልጆች ልቀጥር ነው አለኝ።

«እነዚህን አስተምር። አለበለዚያ እጄ አይነሳም።»

«እናታችን፣ በጉን እኮ በልተዋል።»

«እሱንማ መመለስ አልችልም፣ ልጄ» አልኩትና ቁጭ አልኩ።

አንዱ እንግዳ ለመነኝ፣ ሌላው ተቆጣኝ። አልተነሳሁም። የከሰዓቱ የአሱር ሰላት ሲደርስ ሰይድ ግማሾቹን አስተምሬ እይዛለሁ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። እኔም ተነስቼ መረቅኩለት። አሁን ሴቶቹም አሚን አሉ። መሀል ላይ ስደርስ ግን አቆምኩ።

«የቀረው ዱአ የቀሩት ሴቶች ሲመለሱ ነው» አልኩት።

ዘሀራ ከቀሩት ናት። አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ማሽኑ ደህና ይሠራል፤ እኔም ምቀኛው አይደለሁም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወርጄ መጋዘኑ በር ላይ እቀመጣለሁ። ሰይድ ሲያየኝ ይስቃል፤ ይፈራልም። ወላሂ፣ ያችን ዱአ ሳልጨርስ አልሞትም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ለአስካለ አወራኋት። ሰምታ ሰምታ፣ «ዱአውን ግማሽ ካደረግሽው፣ ሥጋውን ለምን ሙሉ በላሽ?» አለችኝ።