አባቴ ባሕር የገቡባቸው ሰባት ማለዳዎች

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ላሊበላ ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ። ያን ዓመት ድምፃቸው ጠፋ። መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ይቆራረጥ ጀመር፣ ከፋሲካ በኋላ ጭራሹን ሹክሹክታ ሆነ። ወልድያ ወስጄ አሳየኋቸው፤ ጉንፋን ነው ተባለ። እናቴ ማርና ዝንጅብል አጠጥታ አጠጥታ ደከማት። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። አባቴ ቀኑን ሙሉ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ደጃፍ ይቀመጡ ነበር፤ ድምፅ የሌለው የዜማ መምህር ምን ሥራ አለው?

እኔ አስጎብኚ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ግሪካዊ ሐኪምና ሚስቱን ይምርሐነ ክርስቶስ ወስጄ፣ ሴትዮዋ እግሯ ወለም ሲላት በበቅሎ መልሻት ነበር። ሐኪሙ የጉሮሮ ሐኪም እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። ያኔ የላሊበላ ኢንተርኔት አንድ ገጽ እስኪከፍት ሁለት ሻይ ያስጠጣል። በሦስተኛው ሻይ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «በሐምሌ አገራችን፣ በባሕሩ ዳርቻ ያለው ቤታችን ውስጥ ነን። አባትህን ይዘህ ና። ትኬቱን እኔ እልካለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ከላስታ የወጣን ሁለት ሰዎች በአንድ የሜዲትራኒያን የዓሣ አጥማጆች መንደር እረፍት የወጣነው። አባቴ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። መቋሚያውን አውሮፕላን ውስጥ ለማስገባት የተከራከርኩትን ያህል ቪዛውን ለማግኘት አልተከራከርኩም።

ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ጉሮሯቸውን አየ። «እብጠት አለ፤ ቢላ ግን አያስፈልገውም። አሥር ቀን አንዲት ቃል እንዳይወጣቸው። ይረፉ፣ ይብሉ፣ ይተኙ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በአሥር ቀን ካልተመለሰ ዜማውን ይርሱት» አለኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን አልተረጎምኩላቸውም።

አባቴ የሚፈልጉትን በደብተር ላይ ይጽፉልኝ ጀመር። እንደ ብራና ጸሐፊ ሁለት እስክሪብቶ ነው የሚይዙት፤ ለሌላው ነገር ሰማያዊ፣ ለቅዱሳን ስም ቀይ። ከሁሉ በፊት የጻፉት ጥያቄ «ክንፍና ቅርፊት አለው?» የሚል ነበር። ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ በገመድ ላይ እንደታጠበ ልብስ ተሰቅሎ አይተው ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለው በኦሪት የተከለከለ ነውና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከዚያ ወዲያ የቀረበላቸውን ዓሣ ሁሉ ሳይጠበስ በፊት አስመጥተው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ይፍቃሉ፣ ክንፉን ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አጥማጆቹ ትኩስነቱን የሚመረምሩ ትልቅ ባለሙያ መሰሏቸው። በማግስቱ ጀልባ በገባ ቁጥር ዓሣ እያመጡ ለአባቴ ያሳዩ ጀመር። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከወደቡ በላይ ጉብታ ላይ ወዳለችው ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። በሩ ላይ ሥዕል አለ፤ ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከሥር ዘንዶ። አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጊዮርጊስ! የእኛው ጊዮርጊስ! ደጃፉን ተሳለሙ፣ ሥዕሉን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ታች ሲመለከቱ፣ አሮጊቶች እየተደጋገፉ ባሕር ይገባሉ፤ እስከ ወገባቸው ቆመው ይቆያሉ፤ ወጥተው ደግሞ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ላሊበላ ላደገ ሰው ይህ ምን ያጠያይቃል? ታቦት ከላይ፣ ውኃ ከታች፣ በሽተኛ በማለዳ።

ደብተሩን አውጥተው ጻፉ፦ «የቅዱስ ጊዮርጊስ ጠበል ነው አይደል?» ጊዮርጊስን በቀይ።

«አባባ፣ ባሕር እኮ ነው፤ ሰዎቹ ሊዝናኑ ነው የመጡት» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ፊታቸው በርቷል። ከፋሲካ ወዲህ እንደዚያ ሲሆኑ አላየሁም።

«አዎ» አልኩ።

«ስንት ቀን ነው?» ብለው ጻፉ።

«ሰባት።»

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝ። እህል ሳንቀምስ ወረድን። ነጠላቸውን እንደለበሱ ገቡ፣ ሦስቴ ጠለቁ፣ በእፍኛቸው ቀድተው ጠጡ። ፊታቸው ሎሚ እንደቀመሰ ሕፃን ተጨማደደ። ዞረው እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔ ጀልባ ቆጠርኩ። ከዚያ ደግመው ቀዱና ተጉመጠመጡ። በአራተኛው ማለዳ ማዕበል መጥቶ እኔ ላይ ጣላቸው፤ ሁለታችንም ሰጠምን፤ ስንነሳ ጥምጥማቸው እኔ አንገት ላይ ነበር። አባቴ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የሐኪሙ ሚስት ከበረንዳ ታጨበጭባለች። ሐኪሙ «መጉመጥመጥ እኔ አላዘዝኩም፤ ግን በጨው ውኃ ከሆነ ይቀጥሉ» አለ።

እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ፈርቼ አላውቅም። ድምፃቸው ካልመጣ አባቴ ሐኪሙን አይወቅሱም። ኃጢአቴ ነው፣ ጊዮርጊስ ፊቱን አዞረብኝ ብለው ነው አገራቸው የሚገቡት። ያንን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በሰባተኛው ማለዳ አሥሩ ቀን ሞላ። ውኃው ወገባችን ላይ ሲደርስ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄ ጠበል አይደለም። ዋሽቼዎታለሁ። ድምፅዎ ባይመለስ የእርስዎ ኃጢአት አይደለም፣ እሺ?»

አባቴ ነጠላቸውን ከውኃው ላይ ሰበሰቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጨው መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ» አሉ። «የጠፋው ድምፄ እንጂ ምላሴ ነው እንዴ?»

ተናገሩ! የሻከረ፣ ወፈር ያለ፣ ግን ድምፅ ነው። እንባዬ ይወርዳል፣ እስቃለሁ፣ የባሕሩ ውኃ አፌ ይገባል። «ታዲያ ለምን ሰባት ቀን ሙሉ?» አልኳቸው።

«ትምህርቱን ትተህ ፈረንጅ ማዞር ከጀመርክ ወዲህ፣ ከእኔ ጋር ማልደህ ተነስተህ ታውቃለህ?»

ቤታቸውና ቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አንድም ቀን አልተነሳሁም።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አንዲት ዜማ አነሱ። መሃል ላይ ተቆረጠች፤ እንደገና አነሷት፤ ዘለቀች። አሮጊቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። እኔም ከልጅነቴ ወዲህ አፌ ያልነካውን ዜማ ተቀበልኳቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስሳሳት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና፣ ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ።