አንኮበር የነበሩን ክፍሎች

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ "ጎረቤላ! አንኮበር! ሁለት ሰው ብቻ!" የሚል የሚኒባስ ረዳት በሰማሁ ቁጥር አፍንጫዬን የእርጥብ ጥድ ሽታ ይሞላዋል። ዛሬም ሰማሁት። ጉዳዬ ሌላ ነበርና አልተሳፈርኩም።

አባቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። እሱ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ተጣብበን እንኖር ነበር። በየዓመቱ የመስቀል ማግስት ግን ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘን አንኮበር፣ ጥንት ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ እንወጣለን። መንገዱ ዳገት ነው፤ በጥዶቹ መሐል ፀሐዩ እየተቆራረጠ ይወርዳል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ይንጫጫሉ። ጫፉ ላይ የቀረው ትንሽ ግንብና ሣር የዋጠው መሠረት ነበር። አባቴ በዚያ መሠረት ላይ እየተራመደ ክፍል ያድለናል። "ይቺ ያንቺ ናት፣ መስኮቷ ወደ ቆላው ነው። ያ ደግሞ የወንድምሽ።" ለራሱ የግንቡን ጥግ ወስዶ ጋደም ይላል። እኔና ወንድሜ አንዳችን ወደ ሌላችን ስንሄድ የሌለ በር እናንኳኳ ነበር። ላየን ሰው እብዶች ሳንመስለው አልቀረንም። ይምሰለው።

አባቴ ክረምት ላይ ሞተ። አርባው እንደወጣ ዘመዶቹ ተሰብስበው እኛን ልጆቹን ተከፋፈሉን። በክፋት አልነበረም፤ የሙት ልጅ ወስዶ ማሳደግ የቆየ ወግ ነው። ወንድሜ ለአጎቴ፣ እኔ አዲስ አበባ ለምትኖረው ለአባቴ ታላቅ እህት ተመደብን። እናቴን የጠየቃት ሰው የለም። አክስቴ ልትወስደኝ መጣች፣ ልብሴም በፌስታል ተቋጠረ።

እናቴ ያን ጊዜ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። "መጀመሪያ አንኮበር እንሄዳለን።"

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" አለች አክስቴ። "የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ያለውን ይበል፣ እትዬ። እርስዎም ይምጡ።"

መጣች። ዳገቱን እያለከለከች ስትወጣ ቁጣዋ አላባራም። እናቴ ከል እንደለበሰች፣ እኔንና ወንድሜን አስከትላ፣ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ዞራም አላየች። ከዳገቱ ሥር ጎረቤላ ላይ የሚያውቁን ሴቶች ከነከሏ ለሽርሽር ስትወጣ አይተው አፋቸውን ያዙ። ያ አፍ መያዝ እስካሁን ያናድደኛል። ያዘነ ሰው እነሱ የፈቀዱለት ቦታ ብቻ ነው እንዴ የሚያለቅሰው?

ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከቆላው በኩል ሽቅብ ይመጣ ነበር። እናቴ ወንድሜን እጁን ይዛ ክፍሉ ውስጥ አቆመችው። እኔንም ክፍሌ ውስጥ አቆመችኝ። ከዚያ ወደ ግንቡ ጥግ አመለከተች።

"እትዬ፣ ያ የወንድምዎ ክፍል ነው። ገብተው ይረፉ፣ ያልቅሱበትም። ልጆቼ ግን ከክፍላቸው አይወጡም።"

አክስቴ ሣሩን አየችው፤ እኛንም አየችን። "ምን ልታበያቸው ነው?" አለች። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ያገኘነውን።"

አክስቴ ሄዳ ጥጉ ላይ ተቀመጠችና "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያለች አለቀሰች። ዳቦውን ቆርሳ የሰጠችን እሷ ናት። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ብቻዋን ተሳፈረች፤ ወንድሜም አጎቴ ዘንድ ሳይሄድ ቀረ።

ሌሎቹ ዘመዶች ለዓመታት አኮረፉን። ሙት ዓመቱ ላይ ከአክስቴ በቀር ዝር ያለ የለም። ችግሩንም አየነው፤ ጾማችንን ያደርንበት ቀን አለ። "ያኔ ብትልካቸው ኖሮ የት በደረሱ" የሚሉ ዛሬም አሉ። እኔ መድረስ የፈለግኩት እናቴ ዘንድ ነበር፤ ደርሻለሁ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አሁን አሁን ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያን ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ የጠየቅኳት ነገር ነው። ለሁላችንም ክፍል ሰጥታ ለራሷ አልወሰደችም ነበር።

"እማዬ፣ ያንቺስ ክፍል የቱ ነው?" አልኳት።

እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

"እኔ በሩ ላይ ነኝ" አለችኝ።