የአብዱ እናት ምነው ጠፉ?

እኔ ሶሻል ሚዲያ ላይ ያለሁት ለመጣላት ነው። ምን ልደብቀው! የእኔ መጽሐፍ አንባቢ አጥቶ አቧራ ሲጠጣ የውሻ ቪዲዮ አገር ምድሩ ሲያየው ያንገበግበኛል። በዚህ ነገር ላይ ስንት ጽሑፍ ጽፌበታለሁ! አከራዬ እትዬ ሁሪያ ግን አንዱንም አላነበቡልኝም። ማለዳ ማለዳ ሰላምታ መመለስ አለባቸው፤ ለእኔ ጊዜ የላቸውም።

ሓድነት ሰፈር ውስጥ፣ ግቢያችን በር ላይ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። ከወሎ መጥተው መቀሌ ላይ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ትግርኛውን ያቀላጥፉታል፤ ደንበኛውን ሁሉ «ከመይ ሓዲርኪ? ከመይ ሓዲርካ?» እያሉ እንዴት አደርክ ሲሉት እሰማለሁ። አማርኛቸው ግን ዛሬም ወሎን አልለቀቀም። ሱቁን ከፍተው እንደተቀመጡ መነጽራቸውን ያደርጉና ስልካቸውን ያወጣሉ። «እንደምን አደራችሁ ውድ ቤተሰቦች» ብሎ ጽጌረዳ የሚለጥፍ ሁሉ ለእሳቸው ጎረቤት ነው። ከእያንዳንዱ ሥር በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ይጽፋሉ፦ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ልጄ። አንተስ እንደት አደርክ?»

አንድ ቀን ከሮማናት አደባባይ ስመለስ እዚያው ሱቃቸው አገኘኋቸውና አላስቻለኝም።

«እትዬ ሁሪያ፣ ይሄ እኮ ከአንገት በላይ ነው። ሰውየው እርስዎን አያውቅም። እንዲያውም ሰው ላይሆን ይችላል፤ ማሽን ይሆናል የሚለጥፈው።»

«ማሽኑን ሰላም በል ብሎ ያዘዘው ሰው አይደል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰላምታ የአላህ ነው ደመላሽ። ዝም ይባላል እንዴ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆዳቸውን ነገሩኝ። ልጃቸው አብዱረህማን ወደ ጅዳ ብሎ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መንገድ ላይ ሆኖ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አካውንቱን የከፈተላቸው እሱ ነው፤ «የአብዱ እናት» የሚለውን ስም የጻፈውም እሱ። የድሮ ቁጥራቸው ተዘግቷል፤ ስለዚህ እሱ የሚያውቀው ይህችን ስም ብቻ ነው።

«በየትኛው ደጅ እንደሚያልፍ በምን ዐውቃለሁ? በሁሉም ደጅ ስሜን አኖራለሁ። ባይናገር እንኳ፣ እናቴ አለች ይበል።»

አንጀቴን በሉት። ከዚያ ወዲያ ትችቴን ዋጥኩ።

ባለፈው ሰኞ ስልካቸውን ይዘው ክፍሌ መጡ። «ዘጋብኝ! ወላሂ ዘጋብኝ!»

ተቀብዬ አየሁት፤ አካውንታቸው ታግዷል። አንድ ዓይነት ጽሑፍ በየቦታው ሲደጋግሙ ጊዜ ማሽን ናቸው ተብለው ተጠርጥረዋል።

«ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?»

«ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ ነው የሚለው።»

«ወይ ጉድ! ለማን? ለማሽኑ?»

ትንንሽ ሥዕሎች መጡ፤ አውቶቡስ ያለባቸውን ይንኩ ይላል። የመጀመሪያዎቹን በትክክል ነኩ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ባዶ መንገድ ዳር፣ ፌርማታ ላይ የቆመች ሴት ናት።

«ይሄን ይተዉት፣ አውቶቡስ የለበትም» አልኳቸው።

«ቆማ እየጠበቀች? መምጣቱ ይቀራል እንዴ!» ብለው ነኩት።

አልተቀበላቸውም። ደጋግመን ሞከርን፤ ጭራሽ ቆለፈና «ጥያቄዎን እናያለን» አለን። በማግስቱም ሱቁን ሳይከፍቱ ቀሩ። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው «አሁን ቢፈልገኝ የት ያገኘኛል?» ይላሉ። እኔም ለማጽናናት «አብሽሩ» እላለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የራሴን አካውንት ከፈትኩ። ለመጣላት አልነበረም፤ ያንን እሳቸው ሁልጊዜ የሚመልሱለትን ባለጽጌረዳ ገጽ እርዳታ ልለምን ብዬ ነው። ከዕለቱ ሰላምታ ሥር የተጻፈውን ሳነብ ዐይኔ ፈጠጠ።

«የአብዱ እናት ምነው ጠፉ?» ይላል አንዱ። «እኔም ልጠይቅ ነበር፣ አመማቸው እንዴ?» ትላለች ሌላዋ። «ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ» ብሏል ሦስተኛው። ያ እኔ ማሽን ያልኩት ባለገጽ ራሱ «የት እንዳሉ የምታውቁ ንገሩን» ብሎ ለጥፏል። ወረድ ስል፣ ፎቶ የሌለው አንድ ሰው እንዲህ ይላል፦

«አብዱ እኔ ነኝ። እናቴ ምን ሆነች?»

አዲሱን ቁጥራቸውን ለብቻው ላክሁለትና ሮጬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ለእትዬ ሁሪያ ነግሬ ሳልጨርስ ስልካቸው ጮኸ። እኔ አንስቼ ስፒከር ላይ አደረግኩላቸው።

«እማ» አለ ልጁ። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል ብዬ አፍሬ ነው እንጂ... የጻፍሽውን በየቀኑ አየው ነበር። እሱን አይቼ፣ አለች ብዬ ነው ሥራ የምገባው። ሰኞ ስትጠፊብኝ ግን...»

እትዬ ሁሪያ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ቁጣቸው መጣ።

«እያየህ? በየቀኑ እንደት አደርክ ስልህ፣ እያየህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«አውፍ በይኝ እማ፣ አጥፍቻለሁ።»

«አውፉ ይደርሳል። ሰላምታ ይመለሳል ብዬ አይደል ያሳደግኩህ? በል መልስ። እንደት አደርክ?»

ልጁ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደርኩ» አለ። «አንቺስ እማ፣ እንደት አደርሽ?»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ገና ዛሬ ነጋልኝ» አሉት።