ሄበርን የፈለገው እንግዳ

ሄበር ፒንሰንት በመንደራችን አርባ ዓመት ዓሣ ሲያጠምድ ኖረ። አርባ ሦስት ነፍስ ብቻ ባለበት የካናዳ ደሴት በሆነችው በኒውፋውንድላንድ መንደር ሰው ተደብቆ መኖር አይችልም፤ ሄበርን ግን ባይደበቅም ልብ የሚለው አልነበረም።

ገና በመጣ ቁጥር ፊታችንን በዳንቴል ሸፍነን፣ ወንዱ የሴት፣ ሴቷ የወንድ ልብስ ለብሰን፣ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ እየሳብን በወትሮው በማናወራበት ድምፅ እያወራን ቤት ለቤት እንዞራለን። ባለቤቶቹ ካወቁን ፊታችንን እንገልጣለን፤ ኬክና ሩም የሚባለው አረቄ ይቀርብልናል። ሳይታወቁ መገለጥ ነውር ነው። እኔን በጫማዬ ይለዩኛል፤ ጋርላንድን በሳሉ። ሄበርን ግን ሌላው ሁሉ ከታወቀ በኋላ "የቀረው እንግዲህ ሄበር ነው" ይሉታል።

አንድ ዓመት ግን ሄበር ብቻውን ወጣ። ኋላ እንደነገረኝ፣ "በራሴ ካላወቁኝ አልገለጥም" ብሎ ምሎ ነበር። የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ሁላችን የተሰበሰብንበትን፣ መንደሩ ሁሉ አክስት የሚላትን የዱልሲን በር አንኳኳ።

"ጋርላንድ ነህ!" አለች አክስት ዱልሲ።

"እኔማ እዚህ ነኝ፣ አክስቴ። ኬክሽን እየበላሁ።"

"አንተ ዝም በል፣ ሆዳም!"

ቄሱን ገመትን። አምና የሞተውን አጎት ኤሊያምን ሳይቀር ገመትን። እንግዳው በየስሙ "አይደለሁም" በሚል ራሱን ይነቀንቃል።

"በቃ፣ ሄበርን ጥሩት" አለች አክስት ዱልሲ። "እሱ ዝም ብሎ ሰው ሲያይ ነው የሚውል፤ ባንዴ ይለየዋል።"

እንግዳው ብድግ አለ።

"ቁጭ በል! ሳትታወቅ ወዴት?"

ጋርላንድ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ተመለሰ። "ሄበር ቤቱ የለም! የምድጃው እሳትም ጠፍቷል!"

በዚያ በረዶ! ባሕር ወድቆ ይሆናል ብለን ፋኖስ ይዘን ወደ ዳርቻው ወረድን። እንግዳውም ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ በታፈነ ድምፅ "ሄበር! ሄበር!" እያለ ተከተለን።

"የጀልባዬን ቀዳዳ ሳልጠይቀው የደፈነልኝ እሱ ነው" አለ ጋርላንድ። "አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።"

"የኔ ምስኪን! ሲስቅም ሲያለቅስም ድምፅ የለው፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጥ" አለች አክስት ዱልሲ።

እንግዳው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋርላንድ በርዶት መስሎት ካፖርቱን ደረበለት። ዞር ስንል ተሰወረ።

ስንመለስ ከሄበር ቤት ጭስ ይወጣል። እሱ ራሱ በሩን ከፈተልን።

"የት ነበርክ፣ አንተ ሰው!" አለ ጋርላንድ። "ማንም ያላወቀው እንግዳ መጥቶ አመለጠህ!"

"ማን ነበር?"

"እንጃ። ግን ከሁላችን አብልጦ የፈለገህ እሱ ነው።" ከዚያም ሄበርን ከላይ እስከ ታች አየው። "ጥሩ ካፖርት ነው የለበስከው። እኔም ልክ እንደሱ ያለ አለኝ።"

አክስት ዱልሲ ካፖርቱን አየች፤ ትከሻውን አየች። ከዚያ "በሉ፣ እንሂድ" ብላ ጋርላንድን በክንዱ ጎትታ ወሰደችው።

በማግስቱ በሄበር ደጃፍ ላይ አንድ ቁራሽ ኬክና አንድ ብርጭቆ ሩም ተቀምጦ ነበር።