ተጠባባቂው ላሞንት

የእህቴ ባል ላሞንት ባቲስት በአሜሪካ ፉትቦል ለስድስት ዓመት ተጠባባቂ ሯጭ ነበር። እኛ የትውልድ ከተማው የኦፔሎሳስ ሰዎች በቴሌቪዥን የምናየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሌላ ነው። ላሞንት ሜዳ የሚገባው ኳስ ወርዋሪውን ሊሰብር የሚንደረደረውን ግዙፍ ሰው ደረቱን ሰጥቶ ለማገድ ነበር። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ እሱ ከሣሩ ላይ ሲነሳ ያየው የለም። እኔን ያንገበግበኝ ነበር።

ፈጣን አልነበረም። ቡድኑ ውስጥ ያቆየው ማን ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቁ ብቻ ነው። በሰባተኛው ዓመት ዴሻውን ፕሩት የሚባል ልጅ ከኮሌጅ መጣ። ሲሮጥ የሚደርስበት የለም፤ ማንን ማገድ እንዳለበት ግን አያውቅም። በእነሱ ሙያ ደግሞ አዲሱን የሚያስተምረው አንጋፋው ነው፤ ቦታውን የሚወስድበትን ሰው በገዛ እጁ ያሠለጥናል ማለት ነው። ላሞንት ከልምምድ በኋላ ልጁን ቤቱ እየወሰደ፣ ቀይ ባቄላ በሩዝ እያበላ፣ የጨውና የበርበሬ ብልቃጥ እንደ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ አስተማረው።

"አንተ ሰውዬ፣ ቦታህን እያስረከብክ እኮ ነው" አለችው እህቴ።

"እኔንስ ሰው አይደል ያስተማረኝ?"

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሰልጣኙ አስጠራው። "ልጁን አሳምረህ ሠርተኸዋል" ብሎ አመሰገነውና አሰናበተው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን "ከስልክህ አትራቅ፤ ልጁ ማገድ ካቃተው እጠራሃለሁ" አለው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን የላሞንት እናት ቤት ተሰብስበን ጋምቦ የሚባለውን የአገራችንን ወጥ እየበላን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሁላችንም ማንኪያችንን አስቀመጥን። የደወለው ዴሻውን ነበር፤ ከመልበሻ ክፍሉ ሽንት ቤት ሆኖ ያንሾካሹካል።

"ጋሼ፣ በግራ ሁለት ሰው አንድ ላይ ከመጡ የቱን ነው የምይዘው? ትናንት ልምምድ ላይ ተሳስቼ አሰልጣኙ አፈጠጠብኝ።"

እኔ በእጄ "ተወው፣ አላውቅም በለው" እያልኩ እለማመጠዋለሁ። ልጁ አንዴ ከተሳሳተ ላሞንት ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል።

"የውስጠኛውን ያዝ" አለው በመጨረሻ። "የውጪውን ሰው ኳስ ወርዋሪው ራሱ ያየዋል። ዝቅ በልና ጠብቀው።"

"ኑርልኝ፣ ጋሼ።"

"ምን ዓይነት ጅል ነህ?" አልኩት ስልኩ ሲዘጋ። "ለራስህ አንድ ቀን እንኳ ብታስብ ምን ነበረበት?"

"ልጁ ቢሳሳት የሚሰበረው ኳስ ወርዋሪው ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ አልበላም።

ጨዋታው ተጀምሮ ከእረፍት መልስ ሁለት ተጋጣሚዎች አንድ ላይ በግራ መጡ። ዴሻውን የውስጠኛውን ይዞ መሬት ላይ ዘረረው፤ ኳሱ ተወርውሮ ነጥብ ሆነ። "ገና ልጅ ሆኖ ይህን ሁሉ ከየት አወቀው?" አለ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ።

ላሞንት "ጎሽ" አለና ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እህቴ ልትከተለው ስትል እናቱ እጇን ያዘቻት። ሲያለቅስ ይሰማል። እንደሰማነው እንዳያውቅ ብዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩት።