የእናት ስም ያለባት ቆርቆሮ

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ከወባ ጋር ነው። ወባ ሲይዝ ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ደጅ ያለው ማሽላ እቤት ገብቶ አልጋው ዙሪያ የቆመ ይመስላል። አንድ ቀን ከዚያ ሰመመን ስነቃ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አገኘሁ። የክብሪት ቀፎ የማታክል፣ እንደ መጽሐፍ የምትከደን ቆርቆሮ ናት።

"ሂርዝ ናት ልጄ፣ እንዳትከፍቻት" አሉኝ አከራዬ እትዬ፤ ክታብ ማለታቸው ነው።

እርሻቸው ድሮ ጣሊያን የሰፈረበት ሜዳ ነው። ቦይ ሲቆፍሩ ሁለት እንዲህ ያሉ ቆርቆሮዎች አገኙ፤ ውስጣቸው የተጣጠፈ ወረቀት አለ። ይፋት ውስጥ ወረቀት ይዞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሂርዝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንዷን ለብሔራዊ ውትድርና ለተወሰደው አንድያ ልጃቸው አሰሩለት። ሁለተኛዋ ለእኔ ደረሰች። ትኩሳቱም ለቀቀኝ። የጤና ጣቢያውን ክኒን ያመሰገነው የለም።

የእኔ ነገር፣ አትንኪ የተባልኩትን ካልነካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከፈትኳት። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው።

ደብረ ሲና ከጣሊያን ጋር መንገድ የሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምቼ ይዤላቸው ወጣሁ። ጉሙ እስከ በራቸው ገብቶ ነበር። ወረቀቷን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

"ይህ ስሙ ነው። ይህ አባቱ፣ ይቺ እናቱ። ወታደር ሲሞት ማንነቱ የሚለይበት ነው።"

በጭነት መኪና ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ጉሙ ከኋላዬ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ሲቀበለኝ፣ የእትዬን ልጅ ነበር የማስበው። ሰሜን ጦር ሜዳ የሌላ ሰው ስም አንገቱ ላይ አስሮ ቆሟል። ቢወድቅ በማን ስም ሊቀበር ነው? ፈራሁ። ላልነግራቸው ወሰንኩ፤ ግን እኔ ነገር መደበቅ አልችልበትም።

"ምን ሆነሻል?" አሉኝ ገና ከበር ሲያዩኝ። ነገርኳቸው።

ቆርቆሮዋን ተቀበሉኝ። ከዚያ፣ "የእናቱ ስም አለበት?"

"አለበት፣ እትዬ።"

"ሼሁም ሂርዝ ሲጽፉ የሚጠይቁት የእናት ስም ነው። ታዲያ እኔ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?"

ቆርቆሮዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

"በይ የልጄን ስም ጻፊ። የእኔንም። እንልክለታለን። የዚያን ጣሊያን ወረቀት ግን አታውጪው፣ እሱም እናት አለው።"

ጻፍኩ። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አጥፌ ከደንኳት።

ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ ጦርነቱ አለቀ። ልጃቸው አልመጣም። እኔ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ የምሄድ ዕለት እስከ መናኸሪያው ሸኙኝና ቆርቆሮዋን መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

"የዚያ ጣሊያን እናት የላከችው ሰው ልጇን ፈልጎ ከመጣ" አሉኝ፣ "የእኔንም ልጅ ስም አብረሽ አንብቢለት።"