«ልጆቻችን አይሰሙም» ተብለን ወደ መካነ ሰላም

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ ደሴ

የደሴ የጠዋት ብርድ ትውውቅ አያውቅም፤ ዕድሜሽን ሙሉ ብትኖሪበት እንደ እንግዳ ነው የሚቀበልሽ። መናኸሪያው ውስጥ ሙሉጌታ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ከመካነ ሰላም ሚኒባስ ጎን ቆሟል። ረዳቱ «አቀስታ፣ መካነ ሰላም፣ የሞላ» ይላል። የሞላው በእኔ፣ በሙሌ፣ በሁለት ጆንያ ስኳር፣ እግሯ በታሰረ ዶሮና በዶሮዋ ባለቤት ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ትናንት ደውዬ አጣርቻለሁ፤ በዚህ ዘመን ሳያጣሩ የሚወጣ የለም።

ሥራዬን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ድሮ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። በጎ አድራጎት ማኅበራት ማመልከቻ ሊያስጽፉ ይመጣሉ፤ እየጻፍኩ ማን ምን ዓይነት ሰው እንደቸገረው አውቃለሁ። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ የሥራ ልምዳቸውን ሊያስተይቡ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱን ከአንዱ ማስተዋወቅ በጨዋታ ተጀምሮ እንጀራዬ ሆነ። ማንም አላስተማረኝም፤ ወሬ መውደዴ ነው ያስተማረኝ። አንዳንዱ «የባለሙያ ደላላ» ይለኛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አማጭ» ነበር የምትለኝ፤ እኔ የምድረው ሙያን ከችግር ጋር ነው እንጂ።

ከወር በፊት ሼህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ከመካነ ሰላም ደወሉልኝ። የቅሬ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ቅሬ እኛ ወሎዎች እድርን የምንጠራበት ነው። የእሳቸው ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ሲሆን፣ ሙት ከመቅበር አልፈን ለቋሚም እንሥራ ብሎ በበጎ አድራጎት ማኅበርነት ተመዝግቧል። ስልኩ ይቆራረጣል። «ልጆቻችን አይሰሙም… የሚያነጋግርልን ባለሙያ… ሳይ… ቶሎ ላኪልን» ሲሉ ሰማሁ።

«አብሽሩ አባቴ፣ ሰውዬው እጄ ላይ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ሰውዬው ሙሌ ነው። የምልክት ቋንቋ ያስተምራል። እናትና አባቱ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ አፉን የፈታው በእጁ ነው። የያዘውን ሥራ እስኪጨርስ አንድ ወር ጠበቅን፤ ይኸው ዛሬ ወጣን።

«ባዶህን ነው እንዴ የምትሄደው?» አልኩት ሹፌራችንን ሰይድን፣ ከተማውን ስንለቅ።

«ወደዚያ ስሄድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ እትዬ። ስመለስ ግን መቆሚያ አታገኚም።»

«ገበያተኛ ነው?»

«ወጣት ነው። ቦርሳውን አንጠልጥሎ። ወዴት ነው ስትዪው ሁሉም ኮምቦልቻ አክስት አለኝ ይላል። ወላሂ፣ ኮምቦልቻ ስንት አክስት እንዳላት።»

ከልቤ ሳቅሁ። ያንን ሳቅ ባልሳቅሁት ይሻለኝ ነበር።

ረፋድ፤ አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ደመናው ከመንገዱ በታች ነበር። አቀስታ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ግን ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለችም። ገብስ የጫኑ አህዮች፣ ጭቃ የነካው የበግ መንጋ፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ የደረቡ ሰዎች። ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አዘዝን። ማለት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሙሌ አስተናጋጇ ፊቷን እስክታዞር ዝም ብሎ ይጠብቃል።

«አጨብጭብ እንጂ፣ መኪናው ሊሄድብን ነው።»

«መጀመሪያ ትየኝ» አለ። «እናቴን አንድ ቀን ጠርቻት አላውቅም፣ ሐረግ። ፊቷ ሄጄ ነበር የምቆመው።»

ዳገት ቁልቁለቱን ስንወጣና ስንወርድ እሱ ተኛ። እኔ ለዶሮዋ ባለቤት ስለ ልጅነቴ አወራሁላት። ጥሩ አድማጭ ናት፤ ስሟን ግን ሳልጠይቃት ወረደች።

ከቀትር በኋላ፤ መካነ ሰላም

ባጃጆች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ የሚንቀሳቀስ ነፋስ። የቅሬው አዳራሽ የለቅሶ ድንኳንና ትልልቅ ድስት የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ ለእኛ ሲባል ድስቶቹ ወደ ጥግ ተገፍተው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሼህ ይማም ነጭ ቆባቸውን አድርገው በር ላይ ተቀበሉን። ረዥም፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ፣ የሰውን እጅ ሲጨብጡ ቶሎ የማይለቁ ሽማግሌ ናቸው።

ልጆቹ ገቡ። ልጆች ስል ጎረምሳና ኮረዳ ማለቴ ነው፤ የትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ያለፈ። ሙሌ ተነሣና በእጁ ረዥም ሰላምታ ሰጣቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ ሻርፗን ወደ ኋላ የጣለች ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አይናገሩም እንዴ?»

«እናገራለሁ» አለ ሙሌ በድምፁ። «እናንተ አትሰሙም ተብዬ ነው የመጣሁት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ማነው እንደዚያ ያለው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሼህ ይማም፣ እንደ መደንገጥ ብለው። «አይሰሙም ማለቴ ምክር አይሰሙም ማለቴ ነው። ጆሮማ መች አጡ። የጎረቤት ስልክ ሲጮህ ከዚህ ሆነው ይሰማሉ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሳይሄዱብን ቶሎ የሚያነጋግርልን ሰው ላኪልን ነው ያልኩሽ፣ ልጄ። በባሕር ሳይሄዱብን።»

በስልክ የተቆረጠችው «ሳይ…» ይቺ ነበረች። ሰይድ የነገረኝ የኮምቦልቻ አክስቶችም ያን ጊዜ ነው የገቡኝ። ይህ ቅሬ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ መቀመጥ የሰለቸው ቅሬ ነው። ወደ ዓረብ አገር ብለው ወጥተው በረሃና ባሕር ለቀሩ ልጆች ድንኳን ሲተክል ሲነቅል ቆይቶ፣ ገና ያልሄዱትን ላስቀር ብሎ ሰው ለመነኝ። እኔ የእጅ ቋንቋ አስተማሪ ይዤለት መጣሁ፤ ያውም ከወር በኋላ።

«አብሽሪ» አሉኝ ሼሁ፣ ፊቴን አይተው። «የሰው ልጅ ይሳሳታል።»

ሙሌ ግን አልተቀመጠም። ከመጣሁ አይቀር ብሎ ውሃ፣ እናት፣ ራበኝ እንዴት እንደሚባል በእጁ ማሳየት ጀመረ። ከአዳራሹ ንቅንቅ ያለ የለም። ሼህ ይማም ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «እንዲህ ተሰብስበው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ልጅቷ ትጠይቃለች።

«‹እሄዳለሁ›ስ?»

ሙሌ አሳያት።

«‹እመለሳለሁ›?»

ያንኑ እጁን አሳያት።

«አንድ ዓይነት ነው እኮ።»

«አቅጣጫውን ተመልከቺ» አላት። «አንዱ ከደረትሽ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ደረትሽ ይመጣል።»

እኔ ያን ጊዜ ስለ ማደሪያችን ለሼሁ እያወራሁ ስለነበር በግማሽ ዓይን ነው ያየሁት።

ከዚያ ሼህ ይማም ሕዝቡ ከተሰበሰበማ አይቅርብኝ አሉ መሰል፣ «ሳትበተኑ አንድ ቃል» ብለው ተነሡ። አንዱ ቃል ረዘመ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ወላጅ ሐቅ፣ ስለ ዘመኑ ልጅ። ከኋላ በኩል አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። በመጨረሻ የቀረችው ያቺ ልጅ ብቻ ናት፤ አንገቷን ደፍታ እጇን ወደ ደረቷ ትመልሳለች፣ ታወጣለች።

ሼሁ እስከ ግቢው በር ሸኙን። እዚያ ሲደርሱ እጄን ያዙ።

«ልጆቻችን አልኩሽ አይደል? እውነቱን ልንገርሽ፤ የእኔ አንዲት ናት። ዘሀራ። ያቺ ስትጠይቅ የነበረችው። የልጄ ልጅ ናት። አባቷ በባሕር እንደሄደ ነው የቀረው። ሐሙስ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነው።»

«አክስት አላት?»

«የላትም» አሉ።

ረቡዕ፤ እዚያው

ኔትወርክ የሚያዝበት ጉብታ አለ ተብዬ ወጣሁ። ስልኬ ውስጥ ከሙሌ ስም ጥቂት ዝቅ ብሎ ሰዓዳ የምትባል ሴት አለች። በዚያው መንገድ ሄዳ፣ በዚያው መንገድ ተጎሳቁላ የተመለሰች፤ አሁን በግሏ ወጣቶችን እያነጋገረች ትኖራለች። ሼሁ ሲደውሉ ማድመጥ ብችል ኖሮ እሷን ነበር የምልከው።

«ወሩን ሙሉ ስልክሽን ስጠብቅ ነበር፣ እትዬ ሐረግ» አለችኝ የዘሀራን ነገር ስነግራት። «አሁን አንድ ድርጅት ይዞኝ ጅማ ነኝ።»

«እስከ ነገ አትደርሺም?»

«ክንፍ የለኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበላት?»

«አንቺን አውቅሻለሁ። ብዙ አታውሪ። አስወሪያት።»

«እሺ» አልኩ።

ሼህ ይማም ቤት ምሳ ተጋበዝን፤ የገብስ እንጀራና እርጎ። ዘሀራ ስታቀርብ፣ ስታነሣ፣ ስታስታጥብ አንድ ቦታ አልረጋችም። ውጭ ገመድ ላይ ልብሷ ታጥቦ ተሰጥቷል። ሼሁ ልብሱን እያዩ ነው የበሉት።

ሐሙስ፣ ጠዋት፤ መመለሻው

ሰይድ እውነቱን ነው፤ መኪናው መቆሚያ የለውም። ቦርሳና ወጣት፣ ወጣትና ቦርሳ። ሼህ ይማም ዘሀራን በእጃቸው ይዘው መጡና ከእኔ ጎን አስቀመጧት። አልተቆጡም፣ አልለመኑም። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው «እስከ ደሴ አደራሽን» አሉኝ። «አነጋግሪልኝ።» ከዚያ ልጅቷን በግንባሯ ሳሟትና ዱዓ እያደረጉ ዞረው ሄዱ።

እናንተ የምታውቁኝ አንባቢዎቼ ቀጥሎ የሆነውን ትገምታላችሁ። ልጅቷን ላፍታታ ብዬ ጀመርኩ። ስልክ ተቆራርጦብኝ «የንብ» የሚለውን ብቻ ሰምቼ፣ ንብረት አስተዳዳሪ ለሚፈልግ ድርጅት የንብ እርባታ ባለሙያ የላክሁበትን ጊዜ አወራኋት። ሰውዬው ቀፎውን ተሸክሞ ቢሮ ገብቶ «የት ላስቀምጠው» ያለውን ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሰይድ ሳይቀር በመስታወቱ አየን። ስትስቅ ደስ ትላለች፤ ስለዚህ ሌላ ጨመርኩ።

«እቴቴ፣ አንቺ ሬዲዮ ሆነሽ መፈጠር ነበረብሽ» አለችኝ።

«ባትሪዬ አያልቅም» አልኳት።

አቀስታ ሳንደርስ ይመስለኛል፣ ሜዳው ላይ፣ ወደ ውጭ እያየች «እኔ ደግሞ አንድ ነገር ነበረ…» አለች።

«ቆይማ፣ ይቺን ልጨርስልሽ» አልኳት።

ጨረስኩላት። ስለ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም። ቀጥሎ ፍተሻ ደረስን፣ ሁሉም ወረደ፣ መታወቂያ ታየ። ቀጥሎ አቀስታ፤ ድንች ገዛሁላት፣ በላች፣ «አላህ ይስጥልኝ» አለች። ከጉጉፍቱ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ያን ጊዜ፣ የመኪናው ወሬ ሁሉ ጭር ሲል፣ ያቋረጥኩባት ነገር ትዝ አለኝ። ላስነሣት አሰብኩ። እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ ለጥያቄ መቀስቀስ አልሆነልኝም። ስትነቃ እጠይቃታለሁ አልኩ። ስትነቃ ደሴ ነበርን።

ደሴ

ሙሌ ሻንጣችንን ለማውረድ ወደ መኪናው ጀርባ ዞረ። እኔ ከዘሀራ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሄድኩ። «ምን ልትዪኝ ነበር ቅድም?» አልኳት እየተራመድን።

«ምንም አይደል፣ እቴቴ።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«አለፈ» አለች ፈገግ ብላ፣ ገባች።

መስኮቱ አይከፈትም፤ አቧራ ጠግቧል። እኔ ከውጭ ቆሜ የሰጠኋትን ስልክ ቁጥሬን እንዳትጥል፣ ስትደርስ እንድትደውል፣ ሰዓዳ የምትባል ሴት እንዳለች፣ ማንም ቢያስቸኩላት እንዳትቸኩል እናገራለሁ። አፌን ታያለች፤ ቃሉን አትሰማውም። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን አነሣችና አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ፣ ምልክት ሰጠችኝ። ከሙሌ ከተማረቻቸው አንዱ ነው።

ሙሌ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ ሚኒባሱ ከአጥሩ ወጥቷል። ነገርኩት።

«‹እሄዳለሁ› ነው ወይስ ‹እመለሳለሁ›?» አለኝ።

«እንዲህ ነው ያደረገችው» ብዬ እጄን አነሣሁ። መሀል ላይ ቆመብኝ።

«ከደረቷ ወጣ፣ ወይስ ወደ ደረቷ መጣ?»

«እያወራሁ ነበር» አልኩት።

ሙሌ ሻንጣዬን ሳይሰጠኝ እስከ ሰፈሬ መታጠፊያ ያዘልኝ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ሼህ ይማም ናቸው፤ ከጉብታው ላይ ሆነው መሆን አለበት፣ ነፋሱ ይሰማል።

«በሰላም ገባችሁ?»

«ገባን፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አነጋገርሽልኝ?»

«አነጋገርኳት፣ አባቴ።»

«ምን አለችሽ?»

ይህን ጊዜ ይቆረጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆረጠም። ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነው፤ ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማኛል።